ያውቁ ኖሯል? ዊንጌት ከየት መጣ፤ ተስፋዬስ የት ደረሰ?

መርካቶ፣ አውቶቡስ ተራ አካባቢ ቆመው ወደ አስኮ የሚሄድ ታክሲ ሲጠብቁ ረዳቱ «ጳውሎስ፣ ዊንጌት፣ አስኮ!» እያለ ሲጣራ መስማትዎ አይቀርም። መሐል ላይ የሚጠራው ሰፈር የያዘው የአንድ የብሪታንያ ቤተሰብ ስም መሆኑን ያውቁ ኖሯል? የቤተሰብ ስም ቤተሰቡ ከየት ተነስቶ የት እንደ ደረሰ የሚናገር የስደት መዝገብ ነው። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም፤ መዝገባችን ያለው ሌላ ቦታ ነው። የዛሬው አምድ ወደ መርካቶና አዲስ አበባ የገቡትን፣ ከእኛም ወጥተው በዓለም የተበተኑትን ስሞች ይከተላል።

ዊንጌት መጀመሪያ የቦታ ስም እንጂ የሰው ስም እንዳልነበረ ያውቁ ኖሯል? በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በደርሃም አውራጃ፣ ዊንጌት የሚባል የቀድሞ የድንጋይ ከሰል መንደር ዛሬም አለ። በጥንቱ እንግሊዝኛ ነፋስ እንደልቡ የሚያልፍበት በር እንዲያ ይባል ነበር። ጋይንት ላይ ነፋስ መውጫን የሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም፤ ሁለት የማይተዋወቁ ሕዝቦች ለአንድ ዓይነት ቦታ አንድ ዓይነት ስም አውጥተዋል። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። ከነፋስ መውጫ ተነስቶ መርካቶ የገባ ሰው ለልጁና ለልጅ ልጁ የአገሩን ስም አያወርስም። እንግሊዝ አገር ግን ከመንደሩ የወጣው ሰው በሄደበት ሁሉ በመንደሩ ስም ተጠራ፤ ልጁም ወረሰው፤ መንደሩን አይቶ የማያውቀው የልጅ ልጅም ያው ስም ቀረለት።

ሰፈሩ የሚጠራበት ሰው ኦርድ ዊንጌት ነው። ቤተሰቡ ከስኮትላንድ ነው። አያቱ ዊልያም ዊንጌት ከግላስጎው ወጥቶ ቡዳፔስት ላይ በሚሲዮናዊነት አገልግሏል፤ አባቱ በሕንድ ጦር ውስጥ መኮንን ነበር፤ ኦርድ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1903 የተወለደው ናይኒ ታል በምትባል የሕንድ ኮረብታማ ከተማ ነው። በሱዳንና በፍልስጤም አገልግሎ፣ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻግረው ወደ አገራቸው ሲመለሱ አብሮ ነበር። «ጌዴዎን» ብሎ የሰየመውን ጦር ይዞ ከአርበኞች ጋር በጎጃም በኩል ዘመተ። ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1944፣ በበርማው ዘመቻ ላይ ሳለ አውሮፕላኑ ሕንድ ውስጥ ተከሰከሰ። ዛሬ ዐፅሙ ያረፈው አሜሪካ፣ አርሊንግተን የመቃብር ስፍራ ነው፤ አብረውት ከሞቱት አሜሪካውያን አብራሪዎች ዐፅም መለየት ስላልተቻለ በአንድነት ወደዚያ ተወሰደ። ስኮትላንድ፣ ሃንጋሪ፣ ሕንድ፣ ሱዳን፣ ፍልስጤም፣ ጎጃም፣ በርማ፣ አሜሪካ። ይህን ሁሉ መንገድ የተጓዘው የሦስት ትውልድ አንድ ስም ነው።

«ኦርድ» የሚለው መጠሪያውም የቤተሰብ ስም መሆኑን ያውቁ ኖሯል? የእናቱ ቤተሰብ ኦርድ ብራውን ይባል ነበር። ስታገባ ስሟን የምትተው እንግሊዛዊት እናት ለልጇ መጠሪያ አድርጋ አተረፈችው።

ዊንጌት የሚለው ስም አዲስ አበባ የገባው በ1933 ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳልሆነስ? ከዓድዋ ድል በኋላ፣ በ1889 ዓ.ም.፣ ሬኔል ሮድ የሚባል የእንግሊዝ መልእክተኛ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር ሊዋዋል አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። ከልኡካኑ አንዱ ሬጂናልድ ዊንጌት ነበር፤ የኦርድ አባት የአጎት ልጅ፣ በኋላም የሱዳን ጠቅላይ ገዥ። በዚያ ጊዜ መርካቶ ገና የለም፤ ገበያው አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር።

በስሙ የተጠራው ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1946 ሲከፈት ሰውየው ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ትምህርት ቤቱ ከየጠቅላይ ግዛቱ ጎበዝ ተማሪ እየመረጠ የሚያስተምር ነበር። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊም እዚያ ተምረዋል። ዛሬ ግቢው የፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ነው፤ ሰፈሩ ግን ዊንጌት እንደተባለ ቀርቷል።

ሌሎቹን ፈጠን ብለን እንለፋቸው። ቸርችል ጎዳና ላይ ያለው ቸርችል፣ ሳንፎርድ ትምህርት ቤት ላይ ያለው ሳንፎርድ፣ ፒያሳ አካባቢ የነበረው ኩኒንግሃም፣ ሦስቱም ቀድሞ የቦታ ስሞች ነበሩ። ሳንፎርድ አሸዋማ የወንዝ መሻገሪያ ነው፤ ኩኒንግሃም በስኮትላንድ ኤርሻየር ያለ አውራጃ ነው። ከእነዚህ ውስጥ አገራችን ላይ ሥር የሰደደው ሳንፎርድ ነው። ዳንኤል ሳንፎርድ ከጣሊያን ወረራ በፊት ጀምሮ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ሙሎ ላይ እርሻ ይዞ ኖሯል፤ በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ቀድሞ ጎጃም ገብቶ አርበኞችን አገናኝቷል፤ ባለቤቱ ክሪስቲን ትምህርት ቤቱን መሥርታለች።

መርካቶ የሚለው ስምስ? እሱም መጤ ነው። ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ የአራዳን ገበያ ከጊዮርጊስ አንስቶ ወደ ምዕራብ አዛወረው፤ አራዳ ለነጭ፣ አዲሱ ገበያ ለአገሬው እንዲሆን ነው ሐሳቡ። ስሙንም «መርካቶ ኢንዲጄኖ» አለው፤ የአገሬው ገበያ ማለቱ ነው። ሕዝቡን ከነጭ ለመለየት የወጣውን ስም ሕዝቡ ግማሹን ጥሎ ግማሹን የራሱ አደረገው። ወራሪው በአምስት ዓመቱ ተባረረ፤ የለየበት ቃል ተረሳ፤ መርካቶ ቀረ። እኔ ይህን እንደ ድል እቆጥረዋለሁ።

እንግሊዝ አገር በብዛት አንደኛ የሆነው የቤተሰብ ስም ስሚዝ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ብረት ቀጥቃጭ ማለት ነው። ቴይለር ልብስ ሰፊ፣ ፖተር ሸክላ ሠሪ ነው። ይህን ይዘው መርካቶ ይግቡ፦ ብረት ተራ፣ ሸማ ተራ፣ ሸክላ ተራ፣ ሳጥን ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ። በእንግሊዝ ሙያው ሰው ላይ ተለጠፈ፤ በመርካቶ ቦታ ላይ ተለጠፈ። ነጋዴው ቢቀየር፣ ልጁ ዶክተር ቢሆን፣ ተራው ያው ተራ ነው።

ለምን ሰው ላይ አልተለጠፈም? አንዱ ምክንያት ያሳፍራል። በእኛ አገር ብረት የሚቀጠቅጠውን «ጠይብ»፣ ሸክላ የምትሠራዋን «ቡዳ»፣ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» እያለ የሚሰድብ ማኅበረሰብ ነበር። በሙያው መጠራት ስድብ በሆነበት አገር ማን ለልጁ ያወርሰዋል? ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብ ከልክለዋል። አዋጁ ለዘመኑ ትልቅ ነበር፤ ስድቡ ግን በአዋጅ ብቻ የሚጠፋ አልሆነም። ስሚዝ የሚባለው እንግሊዛዊ ስሙን በኩራት ሲጽፍ፣ የእኛው ቀጥቃጭ ልጅ የአባቱን ሙያ ይደብቅ ነበር። ስንት የመርካቶ ባለሙያ ቤተሰብ ታሪክ በዚህ ምክንያት ሳይነገር እንደቀረ አስቡት።

ሙያን በስም ይዘው አዲስ አበባ የገቡት አርመኖች ናቸው። በስማቸው መጨረሻ የሚሰማው «ያን» የእገሌ ወገን እንደ ማለት ነው። ቴርዚያን የልብስ ሰፊው ወገን፣ ናልባንዲያን የፈረስ ጫማ መቺው ወገን ናቸው። ሳርኪስ ቴርዚያን ለምኒልክ መሣሪያ ያስመጣ የነበረ ነጋዴ ነው፤ ለመንገድ ሥራ ያመጣውን በእንፋሎት የሚሠራ መዳመጫ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ ጠራው። ልብ ይበሉ፤ ሕዝቡ የወሰደው ቴርዚያንን ሳይሆን ሳርኪስን ነው። እኛ ሰውን የምንጠራው በራሱ ስም ነውና እንግዳውንም በዚያው አስገባነው። ኬቮርክ ናልባንዲያን ደግሞ ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ኢየሩሳሌም አግኝተዋቸው ካመጧቸው «አርባ ልጆች» ከተባሉት ወላጅ አልባ አርመኖች ጋር መጣ፤ በ1923 ዓ.ም. ንግሥ በዓል የተሰማውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው እሱ ነው። የወንድሙ ልጅ ነርሲስም ለዘመናዊ ሙዚቃችን ብዙ ደክሟል። ከቱርክ ግዛት በእልቂት የተበተነ የፈረስ ጫማ መቺ ስም የኢትዮጵያ መዝሙር ደራሲ ሆነ ማለት ነው።

ከመርካቶ የዐረብ ሱቆችም ብዙ ስም ይወጣል። የመን ውስጥ ሐድራሞት የሚባለው አገር ነጋዴዎቹን ለዘመናት ወደ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ወደ ሕንድ፣ እስከ ኢንዶኔዥያ ሲልክ ኖሯል። አል አሙዲ የሚለው ስም መነሻው እዚያው ሐድራሞት፣ ዶዓን ሸለቆ ነው፤ ሼክ መሐመድ አል አሙዲ በአባታቸው ከዚያ፣ በእናታቸው ከእኛ ናቸው። ሕንዳዊው የመሐመድ አሊ ኩባንያ ደግሞ ከሐረር ተነስቶ አዲስ አበባን ያጥለቀለቀ የንግድ ቤት ነበር፤ ጣሊያን ገብቶ አባረረው። በቅርቡ ዘመን የገባው ስም ዱባይ ተራ ነው፤ እሱም ወደዚያ የሄዱትንና ጭነው የመጡትን ነጋዴዎች ያስታውሳል።

እንግሊዞች ራሳቸው የቤተሰብ ስም ያልነበራቸው ሕዝብ እንደነበሩ ያውቁ ኖሯል? ስም መውረስ የጀመሩት ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 ከገቡ በኋላ ነው፤ ልማዱ ተስፋፍቶ ተራውን ገበሬ እስኪያዳርስ እስከ 1400 አካባቢ ወስዷል። ግብር ሰብሳቢው ጆን ከሚባሉት መቶ ሰዎች የትኛው እንደከፈለ ማወቅ ነበረበት። ጆንሰን ማለት የጆን ልጅ ነው፤ በአንድ ትውልድ ላይ ቆሞ የቀረ የአባት ስም ነው። እኛ ያላቆምነውን እነሱ አቆሙት፤ ልዩነታችን እሱ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1538 ደግሞ ቶማስ ክሮምዌል እያንዳንዱ አጥቢያ ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን በመዝገብ እንዲጽፍ አዘዘ። ዛሬ አንድ እንግሊዛዊ አሥርና ከዚያ በላይ ትውልድ ወደ ኋላ መቁጠር የሚችለው ከስሙ ይበልጥ በዚህ መዝገብ ነው።

ቱርክ በ1934 እ.ኤ.አ. ሁሉም ሰው የቤተሰብ ስም እንዲያወጣ በሕግ አስገደደች፤ አታቱርክ የሚለው ስም የተሰጠው ያን ጊዜ ነው። አይስላንድ በተቃራኒው በ1925 አዲስ የቤተሰብ ስም ማውጣትን ከለከለች፤ ሕዝቧ እስከ ዛሬ እንደኛው በራሱና በአባቱ ስም ይጠራል፤ የስልክ ማውጫውም በመጠሪያ ስም ነበር የሚደረደረው። ስለዚህ የእኛ ስም አወጣጥ ኋላ ቀር ነው የሚለው ወሬ መሠረት የለውም።

ኢትዮጵያም የቤተሰብ ስም በሕግ ደንግጋ እንደነበር ያውቁ ኖሯል? ብዙ ሰው ሲሰማ አያምንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ በ32ኛው አንቀጹ እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም፣ የራሱ መጠሪያና የአባት ስም እንዳለው ይናገራል፤ በመንግሥት ጽሑፍም መጀመሪያ የሚጻፈው የቤተ ዘመዱ ስም ነው ይላል። ሕጉ ታወጀ፤ መርካቶም ሆነ ደብረ ማርቆስ ማንም አልሠራበትም። ሰው እንደ ልማዱ በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ቀጠለ፤ ሴቷም አግብታ የአባቷን ስም ይዛ ቀረች። የሕጉን ጥበብ አከብራለሁ፤ በዚህኛው ግን ሕዝቡ ትክክል ነበር። በእኛ አጠራር ልጅም፣ አባትም፣ አያትም እያንዳንዳቸው በየስማቸው ይኖራሉ፤ አንዱ ቅድመ አያት ሁሉንም አይውጥም።

አሁን ወደ አንድ ትልቅ ስም እንምጣ። ፓንክረስት። የስም ታሪክ አጥኚዎች መነሻውን ከሁለት ነገር ጋር ያያይዙታል፤ አንድም በደቡብ እንግሊዝ ሱሴክስ ካለ የቦታ ስም፣ አንድም በዓለ ሃምሳን ከሚጠሩበት ጰንጠቆስጤ። ስሙን ዓለም ያወቀው ለሴቶች የመምረጥ መብት በታገሉት በማንችስተሯ ኤሜሊን ፓንክረስትና በልጆቿ ነው። ልጇ ሲልቪያ የተወለደችው እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1882 ነው። ጣሊያን አዲስ አበባን የያዘው ሜይ 5 ቀን 1936። ሲልቪያ ለኢትዮጵያ ነጻነት የቆመውን «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» ጋዜጣ የጀመረችውም በዚያው ቀን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡት ሜይ 5 ቀን 1941፤ እኛ ሚያዝያ 27 ብለን የምናከብረው ቀን። ከላይ ያነሳነው የፍትሐ ብሔር ሕግም የታወጀው ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ነው።

ሲልቪያ ያንን ጋዜጣ ሃያ ዓመት አሳተመች። በ1948 ዓ.ም. ለንደንን ትታ ከልጇ ከሪቻርድ ጋር አዲስ አበባ ገባች። ያረፈችው መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት ነው፤ ወለተ ክርስቶስ የሚል ስም ተሰጥቷት በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ ተቀብራለች።

ልጇ ሪቻርድ ፓንክረስት ይህን የታወቀ ስም የወረሰው ከአባቱ ሳይሆን ከእናቱ መሆኑንስ ያውቁ ኖሯል? አባቱ ሲልቪዮ ኮርዮ የሚባል ጣሊያናዊ ነበር፤ ሲልቪያ ግን ጋብቻ አልፈጽምም፣ የባልም ስም አልይዝም አለች፤ ልጇንም በራሷ ስም ጠራችው። እናቷ ኤሜሊን ለሴቶች መብት ታስራ የወጣች ሴት ሆና እንኳ ይህን አልተቀበለችም፤ ልጁ ዓመት ሳይሞላው፣ ሳይታረቁ ሞተች። ስለዚህ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን በመጀመሪያ ዳይሬክተርነት የመሩት፣ የአክሱም ሐውልት ከሮም እንዲመለስ ከታገሉት አንዱ የሆኑት፣ ስለ አዲስ አበባ ገበያዎችና ነጋዴዎች ታሪክ ደክመው የጻፉት ሰው ስማቸውን ያገኙት አንዲት ሴት እምቢ በማለቷ ነው። ፕሮፌሰር ሪቻርድ በ2009 ዓ.ም. አርፈው በዚያው በሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። ወንድ ልጃቸው አሉላ ይባላል። ከሱሴክስ የተነሳ ስም ከራስ አሉላ ስም ጋር በአንድ ሰው ላይ ተገናኘ፤ ለእኔ ከዚህ የበለጠ የተዋሐደ ስም አላውቅም።

እስካሁን የገቡትን አየን። የወጡትስ?

በዓለም የታወቀው ድምፃዊ ዘ ዊኬንድ፣ ቶሮንቶ የተወለደው አቤል መኮንን ተስፋዬ፣ ስሙ አገር ቤት እንደተወለደ ልጅ በትክክል የተደረደረ መሆኑን አስተውለዋል? አቤል ራሱ፣ መኮንን አባቱ፣ ተስፋዬ አያቱ ናቸው። የውጭ ጋዜጦች «ሚስተር ተስፋዬ» ብለው ሲጽፉ ሳያውቁት አያቱን እየጠሩ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴም ሩጦ ባሸነፈ ቁጥር የውጭ ጋዜጠኛ «ገብረ ሥላሴ አሸነፈ» ይል ነበር፤ ያሸነፉት አባቱ ሆኑ ማለት ነው። ጥሩነሽ፣ እጅጋየሁና ገንዘቤ ዲባባ እህትማማች እንደሆኑ ዓለም ከስማቸው ያውቃል፤ ደራርቱ ቱሉ የእነሱ የቅርብ ዘመድ መሆኗን ግን ከስሟ ማንም ሊያውቅ አይችልም። የሚያውቀው በቆጂ ሄዶ የጠየቀ ሰው ነው።

ማርከስ ሳሙኤልሰንን ደግሞ ይመልከቱ። ኢትዮጵያ ሲወለድ ካሳሁን ጼጌ ነበር፤ ስዊድናውያን በማደጎ ወስደው አሳደጉት፤ ኒው ዮርክ ላይ በምግብ ሙያ ስሙ ገነነ። ሳሙኤልሰን የሳሙኤል ልጅ ነው፤ ስዊድኖችም እንደኛው በአባት ስም ሲጠሩ ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ1901 በወጣ ሕግ ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ስም ይዞ እንዲቀጥል አደረጉ። ካሳሁን ከአባት ስም ወደ ቆመ የአባት ስም ተሻገረ።

በተቃራኒው የእንግሊዝን ስም ጥሎ የእኛን የያዘ ሰው እንዳለ ያውቁ ኖሯል? ጉያና የተወለደው ጆርጅ ቶማስ ግሪፊት ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ ስሙን ቀይሮ ራስ መኮንን ተባለ። ግሪፊት ከዌልስ የመጣ ስም ነው። ይህ ሰው በኋላ ማንችስተር ላይ ምግብ ቤቶች ከፍቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1945 እዚያው የተካሄደው የፓን አፍሪካ ጉባኤ እንዲሳካ ገንዘቡን አፍስሷል። ንክሩማና ኬንያታ የተገኙበት ጉባኤ ነው። የፓንክረስቶች ከተማ ማንችስተር መሆኗን ካስታወሱ፣ አንድ ከተማ ስም ለኢትዮጵያ ሰጥታ ከኢትዮጵያ ስም ተቀብላለች።

ከዚህ ሁሉ ታላቅ ስም ወርደን መርካቶ አንድ ባንክ መስኮት ፊት እንቁም። አንድ ነጋዴ ከአሜሪካ ወንድሙ የላከለትን ገንዘብ ሊቀበል መጥቷል። ሠራተኛዋ የላኪውን ሙሉ ስም ትጠይቃለች። «ዳዊት ከበደ» ይላል፤ እሱም ታደሰ ከበደ ነውና። ሠራተኛዋ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ማሽኑ ላይ ያለው «ዳዊት ወልዴ» ነው። ወንድሙ ዲቪ ደርሶት ሲወጣ የቅጹ የመጨረሻ ሳጥን የአያቱን ስም ያዘ፤ እዚያ አገር ወልዴ ተብሎ ቀረ፤ ልጆቹም ወልዴ ሆኑ። ስዊድን ያለችው እህታቸው ደግሞ በአባቷ ስም ተመዝግባ ከበደ ሆናለች። ሦስት የአንድ እናት ልጆች፣ ሦስት አገር፣ በወረቀት አንድ ስም የሌላቸው ዘመዳሞች። የስሞቹ ምሳሌነት የእኔ ነው፤ ነገሩ ግን በየቀኑ የሚሆን ነው። ፓስፖርት ላይ አንድ ስም ብቻ ያለው ሰው አሜሪካ ሲገባማ በመጠሪያው ቦታ «ኤፍ ኤን ዩ» ተብሎ ይጻፍለታል፤ መጠሪያ ስሙ አይታወቅም እንደ ማለት ነው። እናቱ ባወጣችለት ስም ቦታ ያ ተጽፎ መንጃ ፈቃድ የሚይዝ ወንድም ወይም እህት ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

ከገጠር መርካቶ የገባውም ቢሆን ስሙ ሳይነካ አልቀረም። ከቸሃ፣ ከእዣ፣ ከሶዶ፣ ከስልጤ በእግሩ መጥቶ ከተሸካሚነትና ከሊስትሮነት ተነስቶ ሱቅ የከፈተው ትውልድ ውስጥ፣ ከተማ ሲገባ ሌላ ስም ያወጣ ወይም የወጣለት ብዙ ነው። አንዳንዱ ክርስትና ሲነሳ፣ አንዳንዱ ቀጣሪው መጥራት ሲያቅተው፣ አንዳንዱ ከተሜ ለመምሰል። የአገር ቤት ስሙን የሚያውቁት ታላላቆቹ ብቻ ናቸው፤ እነሱም እያለፉ ነው።

እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1538 በአጥቢያ መዝገብ የጀመረችውን የልደትና የሞት ምዝገባ እኛ በአገር አቀፍ ደረጃ በሥራ ላይ ያዋልነው መቼ እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? አዋጁ ቁጥር 760/2004 ነው፤ ምዝገባው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ያለው የብዙዎቻችን የዘር መዝገብ የአዛውንቶች ትውስታ ነው። ያ ትውስታ ደግሞ ቀላል አልነበረም፤ በሰባት ቤት ውስጥ መጋባት ክልክል ስለሆነ ልጅ ለጋብቻ ሲታሰብ የሁለቱም ወገን ሽማግሌ ተቀምጦ ሰባት ትውልድ ይቆጥር ነበር። ዛሬ ከአያቱ ስም በላይ መጥራት የሚችል የመርካቶ ወጣት ፈልገው ያግኙ።

ስለዚህ አንድ ነገር እጠይቅዎታለሁ። አባትዎ፣ እናትዎ ወይም አያትዎ በሕይወት ካሉ በዚህ ሳምንት ደብተር ይዘው አጠገባቸው ይቀመጡ። በአባት በኩል ሰባት ስም፣ በእናት በኩልም ሰባት ስም ይጻፉ። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ የተወለደበትን ቀበሌ፣ የሠራውን ሙያ ሳያፍሩ፣ ከተማ የገባበትን ዘመን፣ ከተማ ሳይገባ የነበረውን ስምም ይጨምሩ። አንዱን ቅጂ ውጭ አገር ላሉት ልጆች ይላኩላቸው፤ እነሱ የያዙት ከአሥራ አራቱ አንዱን ብቻ ነው።